ሁለት የግራ እጅጌ

የተማረ ሰው ንግግር ቶሎ አይዋጥልኝም። ምክንያት አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን አስቀምጬ ካውያ የጨበጥኩ ሰው ነኝ፤ በስፌት ቤታችን ስሜ ራሱ ካውያ ከሆነ ቆይቷል፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዬ ብቻ ነው። ከተማረ ሰው የደረሰኝ ነገር ቢኖር «ቶሎ በልልኝ፣ ስብሰባ አለብኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። ታዲያ እኔው ዛሬ የአንዲት ሐኪም ቃል ተሸክሜ ለሰው ላዳርስ ስነሳ የሚያውቁኝ ይገረሙ ይሆናል። ይገረሙ። ሰው ለማድነቅ አልቸኩልም፤ ያደነቅሁትን ግን አልሸሽግም።

ነገሩ የተጀመረው ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ነው። ሻጩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሱፍ ጣቃ አውርዶ ሲለካልኝ ከኋላዬ የሴት ድምፅ መጣ።

«ይሄ የኔ ኮት ጨርቅ አይደለም እንዴ?»

ዞር ስል የአለቃችን የወንድም ልጅ ናት። አለቃ የምንላቸው የስፌት ቤቱን ባለቤት፣ ጨርቅ የሚቆርጡትን ሽማግሌ ነው። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው፤ ዛሬ በትልቁ ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ሆናለች።

«ይመስላል» አልኳት።

«ይመስላል ምን ማለት ነው ጋሼ? ከዚሁ ገዝቼ ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ኮት ተሰፍቶበት ለመጋረጃ ይተርፍ ነበር።»

«ትንሽ አነሰ።»

«እኔ ነኝ የወፈርኩት ወይስ ጨርቁ ነው የከሳው?»

ሻጩ ሳቀና ሳይጠሩት ገባ። «እሳቸው እኮ ሰሞኑን እንዲህ ናቸው። ከሁሉም ዓይነት እጅጌ የምታህል፣ እጅጌ የምታህል። ሙሉ ልብስ ትታችሁ እጅጌ ብቻ መስፋት ጀመራችሁ እንዴ?»

ለዚህ ሰው ምላስ መቀስ ያስፈልገው ነበር። የልጅቱ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ጨርቁ እስኪጠቀለል ጠብቃ ክንዴን ይዛ ወደ መንገዱ አወጣችኝና ከሱቁ መስታወት አጠገብ አቆመችኝ።

«ጋሼ፣ አባባ ምን ሆነዋል?»

«ምንም አልሆኑም።»

«እጅጌ ነው የሚያበላሹት?»

ጥቅሉን ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ለሐኪም ይህም መልስ ነው መሰለኝ፣ አልለቀቀችኝም። እኔም በልቤ ከያዝኩት ቆይቷልና ተነፈስኩት።

የልብስ ሥራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የቀኝና የግራ እጅጌ እንደ ቀኝና ግራ ጫማ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቆራጭ ጨርቁን ፊት ለፊት አጥፎ ሲቆርጥ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ጨርቁን ሳያጥፍ፣ የወረቀት ቅዱንም ሳይገለብጥ ሁለት ጊዜ የቆረጠ ሰው ግን ሁለት ግራ ይዞ ይቀራል። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው። አለቃ ደግሞ የሰውን ትከሻ ከበር ሲገባ አይተው ልኩን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሁለት ግራ መቁረጥ ከጀመሩ ዓመት አልፏል።

ባለቤታቸው እትዬ ይህን ባወቁ ጊዜ ሕግ አወጡ። ጠዋት አለቃ ይቆርጣሉ። ቀትር ላይ ወደ ፎቁ ወጥተው፣ ምሳ በልተው ጋደም ይላሉ። ያን ጊዜ እኔ ጨርቅ እገዛለሁ፣ ባለመኪናው፣ በስፌት መኪናው ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ የጎደለውን ቀኝ እጅጌ ቆርጦ ይሰፋል፣ የተበላሸው ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ ሥር ካለው ጆንያ ይገባል። በማግሥቱ ጠዋት ኮቱ ሙሉ ሆኖ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። «የባሌን ገመና ከዚህ በር ያወጣ ሰው ከኔ ጋር አበቃ» ብለዋል እትዬ።

«ለምን ለኔ አልነገራችሁኝም? ሥራዬ እኮ ይኸው ነው» አለች ሐኪሟ።

«በተለይ ላንቺ እንዳይነገር ነው የተባለው። ‹ልጅቷ ከሰማች በሽተኛ ታደርገዋለች› አሉ።»

ሳትቀየም ጥያቄዋን ቀጠለች። አንዱን ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ ወይ? ይጠይቃሉ። ዕቃ ጠፋብኝ ሲሉ ሰው ይጠረጥራሉ? የጣት መከላከያቸውን ባጡ ቁጥር ሌባው እኔ ነኝ። የድሮውን ያስታውሳሉ? እዚህ ላይ ሳልወድ ሳቅሁ። የድሮውን ማን ይርሳ።

አለቃን እወዳቸዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ወጣት ሳለሁ አሮጌው ካውያ ሙቀቱ አልቆጣጠር ብሎ የአንድ ትልቅ ሰው ኮት ኮሌታ በላው። ካውያው ተበላሽቷል ብዬ ከአንዴም ሁለቴ ተናግሬ ነበር፤ ማን ይስማኝ። በደንበኛው ፊት «ይህ ልጅ እስኪሞት ድረስ መቀስ እንዳይነካ» አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ከኔ በኋላ የመጣው ባለመኪናው እንኳ በእትዬ ትእዛዝ ተደብቆም ቢሆን መቀስ ይይዛል። እኔ እንፋሎት ስውጥ ሸበትኩ። ቢሆንም የሠለጠነን እጅ ጠላቱም አይክደውም። ያ እጅ ጨርቅ ላይ ሲንከራተት ማየት እኔንም አላስደሰተኝም።

ሐኪሟ ተከትላኝ መጣች። አለቃ ተኝተዋል። እትዬ የቁልፍ መሳቢያውን ከፍተው ቁልፍ በመልክ በመልኩ ይለያሉ፤ ባለመኪናው ያንጎራጉራል።

«ኮትሽ ገና ነው» አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ።

«ለኮቴ አይደለም የመጣሁት። ስለ አባባ ነው።»

እትዬ ልጅቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ። «አንተ ካውያ፣ አፍህም እንደ ካውያህ ጋለ?»

«ሻጩ ነው የነገረኝ፣ ጋሼን አይቆጡ» አለች ሐኪሟና ከደንበኛ ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አባባ መመርመር አለባቸው።»

«እርጅና ይመረመራል? ሰው ሲያረጅ ይረሳል። እኔም ትናንት መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ስፈልገው ዋልኩ።»

«ያ የዕድሜ ነው፣ አያሳስብም። መነጽሩ የት እንዳለ መርሳት ሌላ፣ መነጽር ምን እንደሚሠራ መርሳት ሌላ። ዕድሜ እጅን ያዘገያል እንጂ ዕድሜ ልክ የሠሩበትን ሥራ አያስጠፋም። ሽማግሌ ሁሉ ሁለት ግራ የሚቆርጥ ቢሆን ከተማው እጅጌ አልባ ይሆን ነበር። ከሸመገሉ ሰዎች አብዛኞቹ የመርሳት በሽታ የለባቸውም። በሽታ ነው የምንለው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምኑን አሞት? አይተኩስ፣ አያስል።»

ሐኪሟ ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ከመደርደሪያው ጨርቅ ላይ አረፈ። «ብል ያውቃሉ አይደል? ልብሱን ከሣጥን አውጥተው ሲዘረጉት ቀዳዳውን ያያሉ። ብሉ የገባው ግን ያን ዕለት አይደለም። የዚህ በሽታ ዋነኛው ዓይነትም እንደዚያ ነው። የማይፈለግ የፕሮቲን ዝቃጭ አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ መርሳቱ ሳይታይ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ድሮ ሐኪም ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነበር። ዛሬ ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ፣ በልዩ የራስ ምስል ይታያል፤ አሁን ደግሞ ከክንድ በተቀዳ ደም ምልክቱን መለየት ተችሏል። ደሙ ብቻውን አይፈርድም፣ ከሌላው ምርመራ ጋር ይታያል። ግን አስቡት፣ ከክንድ በተቀዳ ደም።»

ስለ ሥራዋ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ ድምፅ ነበር፤ ጨርቁን ስለሚያውቀው አይጮህም። ካውያዬን ነቅዬ አዳመጥኩ።

«እሺ፣ አወቃችሁት እንበል» አሉ እትዬ። «ታድኑታላችሁ?»

«አናድንም።»

እትዬ መሳቢያውን በእርካታ ገፍተው ዘጉት። «ታዲያ ምን አስሮጠሽ?»

«እናዘገየዋለን። ከዝቃጩ ጋር ተጣብቀው እንዲጠረግ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ወጥተዋል። እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ነው የሚሰጡት። በሽታው የጀመራቸው ብዙ ሰዎች ለሙከራ ፈቃደኛ ሆኑ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ፈሳሽ ወሰዱ። ማን ምን እንደወሰደ ታካሚውም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። ይህ ለምን ሆነ? ማንም ራሱን እንዳይሸነግል ነው። ከዓመት ተኩል በኋላ ሲታይ መድኃኒቱን የወሰዱት መድከማቸው ባይቀርም ከሌሎቹ በሩብ ያህል፣ በአንዳንዱ ጥናት በሲሶ ያህል ዘግይቶላቸዋል።»

«ሩብ?» አሉ እትዬ። «ለሩብ ነው እንዲህ የምታወሪው?»

ባለመኪናው እግሩን ከመርገጫው አነሳ። «እትዬ፣ ጨርቅ ሻጩ ሩብ ሜትር ቢያጎድልብዎ ሱቁን ያፈርሱበት የለም እንዴ?»

«አንተ ደግሞ ስፌትህን ስፋ።»

«እየሰፋሁ ነው። ለመሆኑ ቀኝ ነው ግራ የምሰፋው?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «እውነትዎን ነው እትዬ፣ ትንሽ ነው። ትልቅ ነው ብዬ አላታልልዎትም። ግን ለዘመናት አንድ ጋት ያልተራመድንበት መንገድ ነበር። ጉዳትም አለው፤ በአንዳንድ ሰው አንጎል ላይ እብጠት ወይም ትንንሽ መድማት ያመጣል።»

«ይኸውልሽ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ቀስ እያለ የሚረሳውን ሰውዬ በአንድ ጊዜ ልትገድሉብኝ።»

«ለዚህ ነው አስቀድመን ራሳቸውን በምስል የምናየው፣ ከጀመሩም በኋላ እየደጋገምን። ደግሞ መድኃኒቱ የሚሆነው በሽታው ገና ሲጀምር ብቻ ነው። ስፌት መተርተር ሲጀምር ክሯን ከያዟት ትያዛለች፤ ብብቱ ድረስ ከሄደ በኋላ አይሆንም። እናንተ እኮ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ክሯን እያያችሁ ኮቱን ትሰቅሉ ነበር።»

ይህ ቃል እትዬን ሳይሆን እኔን ወጋኝ። ጨርቅ ገዢው እኔ ነኝና።

«መድኃኒቱን እንተወው፣ ሌላውን ይስሙኝ» አለች። «በዓለም ላይ ይህን በሽታ የሚያጠኑ ሊቃውንት ተሰብስበው መዘኑ። ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊያስተካክላቸው የሚችሉ ምክንያቶች ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሊዘገይ ወይም ጭራሽ ላይመጣ ይችላል አሉ። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ስብ፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ሳይታከም የቀረ የዓይን ችግር፣ ብቸኝነት፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከም። አባባ ይሰማሉ?»

«ሲፈልግ ይሰማል» አሉ እትዬ።

«ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ነው የሚሰማው» አልኩ እኔ።

«ጆሮ ሲደክም አንጎል ቃል በማሳደድ ይደክማል፤ ሰውየውም ከጨዋታ ይርቃል። የምሽት ኪኒን ይወስዳሉ?»

«የጉንፋኗን ብቻ። ለእንቅልፍ ጥሩ ናት፤ ማታ ማታ እኔው ነኝ የምሰጠው።»

ሐኪሟ የኪኒኗን ስም ጠይቃ ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «እንቅልፍ የሚያመጡ የድሮ የጉንፋን ኪኒኖች ሽማግሌ ሰው ላይ ጭጋግ ይጥላሉ። የሚረሳውን ያብሱበታል።»

እትዬ ክፉ አይደሉም። ባላቸውን በእጃቸው ያጎርሳሉ፣ በእጃቸው ያለብሳሉ፤ ያች ኪኒንም ከዚያ ፍቅር ተቆጥራ ነበር። ካላወቁ ፍቅርም እንዳልታየ ካውያ ያቃጥላል።

ዞረው ግን ወደ ዋናው ምሽጋቸው ገቡ። «ስሙስ? ዛሬ ሐኪም ቤት ብወስደው ነገ ሰው ‹ሰፊው አበደ› ይላል። ከወንበሩ ያወርዱታል። ሰው ስሙን ይዞ ቢሞት አይሻልም?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እትዬ።»

«ተረት ለኔ ትተርቺልኛለሽ? ያስተማርኩሽ እኔ።»

«ስላስተማሩኝ ነው የማልረሳው» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን ያህል ያወቅነው በማን ይመስልዎታል? ‹ስሜ ይጠፋል› ሳይሉ በመጡ ሰዎች ነው። ደማቸውን ሰጡ፣ ጀርባቸውን ሰጡ። ለነሱ እንደማይደርስላቸው እያወቁ ‹ከሞትኩ በኋላ አንጎሌን መርምሩት› ብለው የፈረሙ አሉ። የማን እንደሆነ ስሙን እንኳ አናውቀውም።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እኔ ለአንዲት ኮሌታ ቂም ይዤ ይህን ያህል ዘመን የኖርኩ ሰው ነኝ። ለማያውቁት ሰው አንጎላቸውን ትተው የሄዱ ሽማግሎችን ሳስብ አንገቴን የምደፋበት አጣሁ። ከነዚህ ሰዎች ተቀብሎ ወደኛ የሚያመጣ ትምህርት ደግሞ፣ ተናጋሪው ቢጥመኝም ባይጥመኝም፣ ክብር ይገባዋል።

«ጋሼ፣ የተበላሹትን ጥላችኋቸዋል?» አለችኝ።

«የት እጥላለሁ? ጠረጴዛዬ ሥር ናቸው።»

«ያምጡልኝ።»

እትዬ «እንዳትነካ» አሉ። ጎንበስ ብዬ ጆንያውን ሳብኩት። እጅጌ፣ የኪስ ክዳን፣ አንድ እግር ሱሪ። ሐኪሟ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋች መጀመሪያ የተበላሸው የቱ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የቱ እንደመጣ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ። በስተመጨረሻ የራሷን ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። የጠመኔው መሥመር ያው የአለቃ መሥመር ነው፤ ቀጭን፣ ያልተንቀጠቀጠ። መሥመሩ እንዲህ ውብ ባይሆን ኖሮ ያን ያህል አያሳዝንም ነበር።

ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረን የደረጃውን ድምፅ አልሰማንም። ቀና ስንል አለቃ ከታችኛው ደረጃ ላይ፣ በካልሲ፣ ሜትራቸው ካንገታቸው እንደተንጠለጠለ ቆመዋል።

ጠጋ ብለው እጅጌዎቹን ዳሰሱ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው» አሉ። «ሁለቱም ግራ ናቸው።»

«የባለመኪናው ነው፣ እሱ ነው ያበላሸው» አሉ እትዬ ቸኩለው።

«ተይ አንቺ ሴት። የጠመኔዬን መሥመር አጣዋለሁ?» አለቃ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ስቆርጥ አውቄው ነበር። ሁለት ግራ ቆረጥኩ፤ አፈርኩና ነገ ጠዋት ማንም ሳያይ አስተካክላለሁ አልኩ። ጠዋት ስመጣ ኮቱ ግራና ቀኝ ሆኖ ተሰቅሏል። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁልጊዜ። እንግዲያው አላበላሸሁም ማለት ነው አልኩ። ያላበላሸሁትን አበላሸሁ ብዬ የማስታውስ ከሆነ ደግሞ የማስታውሰው ሁሉ ሐሰት ነው። ቤቴ ነው ያልኩት ቤቴ ይሁን፣ ሚስቴ ያልኳት ሚስቴ ትሁን፣ በምን ልወቅ? እያበድኩ መሆን አለበት ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ሐኪሟ ከፊታቸው ተንበርክካ ወደሚሰማው ጆሯቸው ተጠጋች። «አባባ፣ በትክክል ነው ያስታወሱት። ሁለቱም ግራ ነበሩ። ቀኙን ሌላ ሰው ነው የቆረጠው።»

«እውነት?»

«እውነት።»

አለቃ ትንፋሻቸውን ለቀቁት፤ የተሸከሙት ነገር ከትከሻቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። «ሁለት ግራ!» አሉና ሳቁ። ሰው በስህተቱ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ጥግ ይዘው ቆመዋል። «እኔ ገመናህን ልሸፍን ብዬ እኮ ነው» አሉ።

«ሸፈንሽው። ከኔም ጭምር።»

ሐኪሟ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ያን ጊዜ ነው የተማረች መሆኗን አምኜ የተቀበልኩት። የሚናገር ምሁር ሞልቷል፤ ዝም የሚልበትን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እትዬ ነጠላቸውን አጠበቁ። «ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ይባላል» አሉ። «ሄጄ እኔ ራሴ አየዋለሁ። መርፌ ይዘው ሲጣደፉ ካየሁ ግን በመጣንበት እንመለሳለን።»

ጆንያውን ተሸክሜ አብሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ረጅም ኮሪደር፣ የተያያዙ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የመድኃኒት ሽታ ነው። ትልቁ ሐኪም፣ የልጅቱ መምህር፣ እጅጌዎቹን እንደ ራጅ ውጤት እያገላበጠ ሲያያቸው ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ለአለቃ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ የሰዓት ፊት እንዲሥሉ ለመናቸው። ክቡን በአንድ ትንፋሽ አዞሩት፤ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። ቁጥሮቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተጨናንቀው፣ ሌላው ወገን ባዶ ቀረ። እትዬ ያን ባዶ ቦታ ሲያዩ እጄን ያዙኝ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ይዘውኝ አያውቁም።

ደም ተቀዳ፣ ራሳቸው በምስል ታየ፣ ጆሯቸው ተለካ። ሁሉም ተሰብስቦ ሲመጣ በሽታው አለ፣ ገና በጅምሩ ነው። ነገር ግን ምስሉ ላይ ከዚህ ቀደም በአንጎላቸው የደማ ነጠብጣብ በዛ ብሎ ታየ። ትልቁ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ለእሳቸው እንደማይሆን፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ተናገረ።

እትዬ አልገባቸውም። «እምቢ ማለትዎ ነው?»

«እምቢ ማለቴ ነው እናቴ።»

ልጅቱ ጣልቃ ገባች። «እትዬ፣ ጨርቁ ውድ ስለሆነ ብቻ ልኩ ያልሆነ ኮት ለሰው ያለብሳሉ?»

ወደ ውጭ ስንወጣ እትዬ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ «እኔ ያለኝን ሁሉ ካልሰጠሁት የማፈቅረው አይመስለኝም ነበር። እነዚህ ግን መከልከልም ያውቃሉ» አሉ። የጥርጣሬያቸው መጨረሻ ይህ ነው። ያሳመናቸው የተሰጣቸው መድኃኒት አይደለም፤ የተከለከሉት ነው።

የተሰጠውም ቀላል አልነበረም። የጉንፋኗ ኪኒን ቀረች፤ በሳምንታት ውስጥ የጠዋቱ ድንዛዜ ቀለለ። ሳይታወቅ የኖረው የደም ግፊት ተገኝቶ መድኃኒት ተጀመረ። ማስታወስን ለተወሰነ ጊዜ የሚደግፍ ኪኒን ታዘዘ። ጆሯቸው ላይ መስሚያ ገባ፤ የመጀመሪያ ቀን አለቃ «ይህ ባለመኪና ድሮም እንዲህ ነው የሚያንጎራጉረው? ምነው ሳትነግሩኝ» አሉ። ከደንበኛ ጋር መጫወት፣ በእግር መሄድ ጀመሩ። ደማቸውንም ለጥናቱ ፈቅደው ሰጡ፤ «ለኔ ካልሆነ ከኔ በኋላ ለሚመጣው ቆራጭ ይሁን» ብለው ፈረሙ። ፊርማቸው ቀጥ ያለ ነበር።

በሽታው ሄደ ብዬ አልዋሽም። አንዳንድ ቀን ይከፋል። ግን በቤታችን ሥራ ያለ መደበቅ ይሠራል። ጨርቅ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ታጥፎ ነው የሚቆረጠው፤ ቅዱ ላይ ቀኝና ግራ በትልቁ ተጽፏል፤ አለቃ ሲጠራጠሩ ጮክ ብለው ይጠይቃሉ፣ ያለነው እንመልሳለን፣ ማንም አያፍርም። ደንበኛ ይሸሻል የተባለውም አልሸሸም። እትዬ የደንበኛን ሱሪ ከመቀበላቸው በፊት «ግፊትህን ተለክተሃል? ጆሮህስ?» ማለት ስለጀመሩ የሸሸ ቢኖር በሳቸው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ የሚረሳ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢኖር የሠራውን ስህተት ማታ ማታ እያቃናህ ጠዋት አትስቀልለት። ምናልባት በሽታው የሚድን ነገር ይሆናል፤ የቫይታሚን ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የኪኒን ጥፋት ይሆናል፣ ሐኪም ነው የሚለየው። ባይድንም ሊዘገይ ይችላል። ባይዘገይም ሰውየው ገና ራሱን ሳያጣ የሚናገረውን ይናገራል፣ የሚያወርሰውን ያወርሳል። ይህን ጊዜ የሚሰርቀው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታችንም አብሮ ይሰርቃል።

ማውረስን ካነሳሁ አይቀር። በቀደም ለት አለቃ ጥሩ ሱፍ ዘርግተው በጠመኔ አሠመሩና ጠሩኝ።

«ካውያ፣ ና። ይህ ቀኝ ነው ግራ?»

«ተጣጥፏል አለቃ፣ ሁለቱም ናቸው።»

መቀሱን፣ የራሳቸውን ትልቁን መቀስ፣ በእጀታው በኩል አዙረው ሰጡኝ። «እጄ እያወቀ ሳለ ያንተም ይወቅ። መሥመሩን ሳትለቅ ቁረጥ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት መቀስ ከገመትኩት በላይ ከባድ ነበር። የመጀመሪያውን ንክሻ ስነክስ አለቃ በትከሻዬ ላይ አዘንብለው፣

«በርታ» አሉኝ። «ብቻ እንደዚያን ቀን ኮሌታውን እንዳታቃጥል።»

የበሉትን ምሳ ረስተዋል። ያቺን ኮሌታ አልረሷትም። ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ የቆየው ነገር መጨረሻ ነው የሚሄደው አለችኝ። እንግዲያው ያቺ ኮሌታ ትቆይ። እሷ እስካለች ድረስ እሳቸውም አሉ።